የኒ ሸንፉ ቀኝ እጅ

ኒ ሸንፉ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጣሪያው ሰገነት ይወጣና ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሁለት ቀይ ፎጣዎች ያነሣል። ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ፣ እግሮቹን ገጥሞ፣ ፎጣዎቹን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ታች እንደ መርከበኛ የባንዲራ ምልክት ያውለበልባል። ከወንዙ ማዶ ዩ ጂንግታይ የሚባል እኩያው መልእክቱን በሩቅ ማሳያ መነጽር ያነብና በራሱ ፎጣዎች ይመልስለታል። የመጀመሪያው መልእክት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በመርከቡ ላይ ሁሉም ደህና።

ሁለቱም ከአርባ ዓመት በፊት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ያገለገሉ የቻይና ባሕር ኃይል መኮንኖች ናቸው። በሰሜኑ ባሕር የስንቅ መርከቦችን ሲያጅቡ ኒ በረዶ በጋገረው የመርከብ ወለል ላይ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁ ከጆሮው በላይ አይወጣም። ሰፈሩ ግን የሚያውቀው ጡረታ የወጣ የገመድ ፋብሪካ ጸሐፊ መሆኑን ነው፤ ከዚያ በላይ የጠየቀውም የለም።

ጎረቤቶቹ ማውለብለቡን የጤና ስፖርት አድርገው ወሰዱት። ጉልበቷን የሚያማት ወይዘሮ ካንግ ከኋላው ቆማ መከተል ጀመረች፤ በወሩ አምስት ሴቶች ሆኑ። ካንግ መከተል ብቻ ሳይሆን ማረምም ታውቅበታለች።

«አጎቴ ኒ፣ ቀኝ እጅዎን ቀጥ ያድርጉት እንጂ። እንዲህ አንጠልጥለውት ደሙ በየት ይለፍ?»

«ደሙ መንገዱን ለምዶታል።»

በጸደይ የኒ ልጅ ሾውዌን ሻንጣ ይዞ ከሚኖርበት ከናንፒንግ ከተማ መጣ። አባቱን ሊወስድ ነው። ኒ የልጁን ቤት አንድ ጊዜ አይቶታል፤ መስኮቱ የሚያሳየው የሲሚንቶ ፋብሪካ ግድግዳ ነበር።

«አባዬ፣ ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶሃል። ደረጃው ላይ ብትወድቅ ማን ያውቃል?»

«ዩ ያውቃል።»

«ያ የማዶው ሽማግሌ?»

ኒ ውርርድ አቀረበ። ነገ ሰገነት አይወጣም፤ ዩ ወንዙን ተሻግሮ ከሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ በፊት ከደረሰ ኒ ይቀራል፤ ካልደረሰ አብሮ ይሳፈራል። ልጁ በደስታ ተስማማ።

በማግስቱ አባትና ልጅ ለቁርስ ተቀመጡ። የሩዝ አጥሚቱ ገና ሳይበርድ ከራሳቸው በላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ሾውዌን ወጥቶ አየና እየሳቀ ተመለሰ። ሴቶቹ ኒን አልጠበቁም። ካንግ ቀዮቹን ፎጣዎች ይዛ ከፊት ቆማለች፤ የጠዋቱን ሰላምታ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በቃሏ ይዛዋለች።

«ሰውዬህ ደህና መሆንህን አንብቦ ይሄኔ ሻዩን እየጠጣ ነው» አለ።

ኒ ማንኪያውን አስቀመጠ። ይህን አላሰበበትም ነበር። ተነሣና ሸሚዞቹን እያጠፈ ሻንጣው ውስጥ መደርደር ጀመረ። አራተኛው ላይ ሲደርስ በሩ ተደበደበ።

ዩ ነበር። የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ፣ አንድ እግሩን በነጠላ ጫማ ሌላውን በቆዳ ጫማ አድርጎ፣ የልብ መድኃኒት በእጁ ይዞ ቆሟል። ኒን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ያቺ ማን ናት? ቀኝ እጇ ሰማይ ይነካል። አንተ በአርባ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አምሮልህ አያውቅም። ሞተሃል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሾውዌን የእጁ ነገር ስላልገባው ጠየቀ። ዩ ቁጭ ብሎ እያለከለከ ስለ በረዶው፣ ስለ መርከቡ፣ ኒን ተሸክሞ ወደ ሐኪሙ ስላወረደበት ጠባብ መሰላል ነገረው። ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ የአባቱ ትከሻ በገመድ ፋብሪካ የተሰበረ ይመስለው ነበር። ማንም ሳያዘው ለዩ አጥሚት ቀዳለት።

«ክብደቱስ?» አለ።

«ያኔ ቀላል ነበር» አለ ዩ። «ዛሬ ቢሆን ወለሉ ላይ እተወዋለሁ።»

ኒ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። ሾውዌን ባዶውን ሻንጣ ይዞ የሁለት ሰዓቱን አውቶቡስ ብቻውን ተሳፈረ።