የጠበቀ መሪ

ማስተዋል የታጨደው የጤፍ ማሳ መካከል ቁጢጥ ብላ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር። አያቷ፣ የእኔ ታላቅ ወንድም ጋሼ ይሁኔ፣ ካቡ አጠገብ ምርኩዙን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ከሁለቱም ራቅ ብዬ ባሕር ዛፉ ሥር ነበርኩ። ሌላ ሰው አልነበረም። ባለፈው ቅዳሜ ነው፤ ከአምበር ወጣ ብሎ ባለው የወንድሜ መሬት ላይ።

ማስተዋል ኤሌክትሪክ ተምራ፣ የገበሬ ማሳ ከላይ ፎቶ የምታነሳ ድሮን ራሷ ገጣጥማለች። ድሮኗ የሰው ቁመት ያህል ከፍ ብላ ስትቆም ነፋሱ አፍንጫዋን ወደ ጎን ይወስደው ነበር። ልጅቷ አሳረፈቻት፤ ነፋስ ሲያዞራት ምን ያህል አጥብቃ እንደምትመለስ የሚወስነውን ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ከፍ አደረገችና እንደገና አስነሳቻት። አሁን ደግሞ አፍንጫዋ ግራ ቀኝ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ላልታለች» አለ ጋሼ ይሁኔ። «ጠበቅ አድርጊያት።»

«ስላጠበቅኋት እኮ ነው፣ አባባ። ትንሽ ዘወር ስትል ልስተካከል ብላ አሳልፋ ትዞራለች። ያንን ልመልስ ስትል ደግሞ በዚያኛው በኩል ታሳልፋለች።»

ይህን ስሰማ ብስክሌቱ ትዝ አለኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት፣ ያኔ እንኖርበት በነበረው ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የጤና መሥሪያ ቤት በየገጠሩ እየዞረ የተከተቡ ልጆችን የሚመዘግብ ሰው ይፈልግ ነበር። የተጠየቀው ጥሩ የእጅ ጽሕፈትና ብስክሌት መንዳት ነው። በዚያው ሰሞን አንድ የደምበጫ ነጋዴ ለእኔ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቴ «እስከ መስቀል ሥራ ከያዝሽ ሽማግሌዎቹን እመልሳቸዋለሁ፤ ካልያዝሽ እሺ እላለሁ» አለኝ። አባቴ አንዴ ከተናገረ አይመለስም።

ብስክሌቱ የጋሼ ይሁኔ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር መስክ ወስዶ ያስተምረኝ ጀመር። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል፤ ሲደክመን ርጥቡ ሳር ላይ ተቀምጠን የበቆሎ ጥብስ እንበላለን። እኔ እስኪበርድልኝ እጠብቃለሁ፤ እሱ እያቃጠለው ይበላል። ብስክሌቱ አሮጌ ስለነበር መሪው ትንሽ ይነቃነቃል፣ ይንኳኳል። እንደዚያው ለመድኩት። በሦስተኛው ሳምንት መስኩን ብቻዬን መዞር ቻልኩ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ጋሼ ይሁኔ ብስክሌቱን ወልውሎ፣ ዘይት ቀብቶ በር ላይ አቁሞት አገኘሁት።

«መሪውንም አጥብቄልሻለሁ» አለኝ። «እንግዲህ ወዲያ ወዲህ አይልብሽም።»

አመሰገንኩት።

መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሦስት ወንዶችና እኔ ተሰለፍን። እስከ ድልድዩ ነድቶ መመለስ ነው። ተራዬ ደርሶ ስነሳ መሪው አልታዘዝ አለኝ። ብስክሌት ቀጥ ብሎ የሚሄድ የሚመስለው ለሚያየው ሰው ነው፤ የሚነዳው ሰው እጅ ሳያስበው ሁልጊዜ ጥቂት ጥቂት ያዞረዋል። ያ ጥቂቱ እምቢ አለኝ። ገፋ ሳደርገው በአንድ ጊዜ ብዙ ይዞራል፤ ስመልሰው በሌላው በኩል ያልፋል። እንዲህ እየተላጋሁ ድልድዩ ሳልደርስ ቦይ ውስጥ ወደቅሁ።

«ብስክሌቱ ነው እሷን የሚነዳት» አለ አንዱ ተፈታኝ።

«ተዋት፣ አቋራጭ ይዛ ነው» አለ ሌላው።

ፈታኙ አልሳቀም። «እህቴ፣ የገጠሩ መንገድ ከዚህም ይብሳል» ብሎ ስሜን ሰረዘ። ሥራውን በዚያው ቀን ከሦስቱ ለአንዱ ሰጡት።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ተመለስኩ። ቤት ማንም አልነበረም። መፍቻ ፈልጌ የመሪውን ዳዶ ሩብ ዙር ያህል አላላሁና ግቢው ውስጥ ነዳሁት። ምንም አላለኝም፤ እንደ ወትሮው ዞረልኝ። ጋሼ ይሁኔ ሲመጣ የተላጠውን ክንዴን በሞቀ ውሃ አጠበልኝ። ከእኔ ይልቅ የከፋው እሱ ነበር። ልነግረው አስቤ ተውኩት።

በጥር ደምበጫ ተዳርኩ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ብስክሌት ግን ከዚያ ወዲህ አልነዳሁም።

ማስተዋል ቁጥሩን ዝቅ አደረገችው። መቀነሱን አብዝታው ኖሮ ነፋሱ የድሮኗን አፍንጫ እንዳልተዘጋ በር ወዲያና ወዲህ አደረገው። አሳርፋ ጥቂት ጨመረች፤ ደግሞ ጥቂት ቀነሰች። በአራተኛው ሙከራ ድሮኗ ጸጥ ብላ ቆመች። ነፋሱ ዘወር ሲያደርጋት ሳትቸኩል ትመለሳለች። ስንት ጊዜ ቢሳሳቱ እንደገና መሞከር መቻሉን ወደድኩት። ያኔ እኛ የነበረን አንድ ጠዋት ነው፤ ወንድሜም ያጠበቀው እንዳልወድቅበት ነው።

ጋሼ ይሁኔ ካቡን ትቶ ወደ እኔ መጣ። ዓይኑን ከድሮኗ አላነሳም።

«ጥሩዬ፣ ያን ጊዜ ቦዩ ውስጥ የጣለሽ ምን ነበር?» አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጠይቆኝ አያውቅም።

«መንገዱ ጭቃ ነበር» አልኩት። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤት ሄድኩ።