በረጅም ሌንስ የፈረሰ ግድግዳ

አሰላ ከተማ ፎቶ ቤት የተቀጠርኩ ዕለት፣ የቤቱ ባለቤት ጋሼ መኩሪያ አንድ ሌንስና አንድ ቁራጭ ጨርቅ ሰጡኝና "ጥረግ" አሉኝ። እኔም እንደ ጫማ የሚጠረግ መስሎኝ ትፍ አልኩበት። የጋሼ መኩሪያ ጩኸት ጭላሎ ተራራ ድረስ ወጥቶ፣ እዚያ ጥቂት አርፎ፣ ብርድ ይዞት ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሌንስ ይቅርና የሌንስ ክዳን እንኳ ለሁለት ሳምንት አላስነኩኝም።

ሰውዬው ከዚያ ቀን በቀር ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሙያቸውን ከአንድ ጣሊያን የተማሩ ሰው ነበሩ። በቤታቸው ማዕረግ አለ። መጀመሪያ ጠራጊ ትሆናለህ፤ ቀጥሎ ጨለማ ክፍል ገብተህ ፊልም ታጥባለህ፤ ከዚያ ፍላሽ ትይዛለህ፤ የፈጀውን ያህል ጊዜ ፈጅቶ አንሺ ትሆናለህ። እኔ አንሺ እስክሆን ፂሜ ሁለት ጊዜ የሸበተ መሰለኝ፤ ዕድሜዬ ግን ገና ሃያ ሦስት ነበር።

ሌንሶቻችን ሦስት ነበሩ። አጭሩ አውራ ጣት የማይሞላ፣ ብዙ ነገር በአንዴ የሚያይ። መካከለኛው የሰው ዓይን እንደሚያየው የሚያይ። ረጅሙ ሩቁን የሚያቀርብ፣ ክንድ የሚያህል ጥቁር ነገር። ጋሼ መኩሪያ "አጭሩ ለቤት፣ ረጅሙ ለሜዳ" ብለው አንድ ጊዜ ነግረውኛል። እሳቸው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይናገሩም፤ እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ የተነገረኝን አልሰማም።

ልቤ የሄደው ከረጅሙ ጋር ነው። እሱን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በገበያ መሐል ሳልፍ ሰው መድፍ የያዝኩ መስሎት መንገድ ይለቅልኝ ነበር። አንድ በቅሎ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነስቶኛል። እመኑኝ።

አንድ ጥር ላይ ሁለት ሠርግ በአንድ ቀን መጣ። አንደኛውን ጋሼ መኩሪያ ያዙ፤ ሁለተኛው ለእኔ ደረሰ። የግራዝማች ዘውዴ ልጅ ጥሩነሽ፣ ሲሬ ከተማ ለሚያስተምር መምህር ልትዳር ነው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው።

ጋሼ መኩሪያ ሣጥኑን ከፍተው "የምትይዘው አንድ ሌንስ ብቻ ነው" አሉኝ። "ጀማሪ ሁለት ሲይዝ፣ ሲቀያይር ሙሽራዋ ታልፈዋለች። ምረጥ።"

"ረጅሙን።"

"ቤታቸውን አይተኸዋል?"

"ጋሼ፣ የግራዝማች ቤት እኮ ነው። ፈረስ ያስጋልባል።"

"አላየኸውም ማለት ነው" አሉና ሣጥኑን ዘጉ። "በል ሂድ።"

ግቢው ውስጥ እንደ ልቤ ሆንኩ። ዳሱ ሥር የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ከአጥሩ ጥግ ቆሜ አንድ በአንድ አነሳኋቸው። እዚያው ሆኜ ጥርሳቸውን መቁጠር እችላለሁ። ግራዝማች ራሳቸው በትራቸውን ይዘው መጡና "አንተ ልጅ፣ ከዚያ ሆነህ ይደርሳል?" አሉኝ።

"አዲስ አበባ ያለ ሰውም ከዚሁ አነሳለሁ" አልኳቸው። በአድናቆት ጢማቸውን ነካኩ።

የሙሽራው ወገን በኪራይ ካሚዮን መጥቶ ጡሩምባ ሲነፋ፣ የሙሽራዋ እናት እትዬ አስካለ በጓዳ በር ብቅ አሉና ጠሩኝ። ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምታ ጓዳ ተቀምጣለች።

"ልጄ፣ እኔና እሷ አብረን የተነሳነው ፎቶ የለንም" አሉኝ እትዬ አስካለ። "አሁን ሚዜዎቹ ከገቡ እጇን ይዘው ወደ መኪናው ነው። ሲሬ ደግሞ መቼ እንደምሄድ አንድዬ ያውቃል። አንድ ፎቶ ብቻ። ቆመን፣ እስከ እግራችን።"

"ጉርድ ይሁን እንጂ እትዬ፣ ጉርድ ያምራል።"

"ጉርድ ምን ያደርግልኛል? ይህች ልጅ በቁመት በለጥኩሽ እያለች ስታናድደኝ ዓመት ሆናት። ማን እንደሚበልጥ በማስረጃ ይታይ።"

"እበልጥሻለሁ እኮ፣ እማዬ" አለች ሙሽራዋ።

"ጫማሽን አውልቂና እንተያያለን።"

ካሜራውን ወደ ዓይኔ አነሳሁ። የታየኝ የሙሽራዋ አፍንጫና የእናትየዋ አንድ ጉትቻ ነው። ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ጀርባዬ ግድግዳ ነካ። ባዶ ጋን ላይ ወጣሁ፤ አሁን ሁለት ግንባር ታየኝ። ጓዳው ቢበዛ አራት እርምጃ ነው። ረጅሙ ሌንስ ሁለቱን ሴቶች ከራስ እስከ እግር ለመያዝ አሥር እርምጃ ይፈልጋል። አጭሩ ቢኖር ኖሮ እዚያው ቆሜ፣ ጋኑን ጨምሬ አነሳቸው ነበር። አጭሩ ግን አሰላ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል።

"ወደ ግቢው ብንወጣስ?" አልኩ።

"ሙሽራው ሳይገባ እሷ ደጅ ልትታይ?" አሉ እትዬ አስካለ። "ሰው ምን ይለናል?"

"እንግዲያው አልችልም፣ እትዬ። ግድግዳው አላስኬድ አለኝ።"

ይህን ስል ፊታቸው ጥቁር አለ። አልተቆጡም። ነጠላቸውን አስተካክለው ልጃቸውን አዩ። ያን ጊዜ ያንን መድፌን ወንዝ ብጥለው ደስ ይለኝ ነበር።

ቀጥለው ወደ ጀርባዬ አዩ። "የትኛው ግድግዳ ነው?"

"ይኼ፣ ከኋላዬ ያለው።"

"በየክረምቱ ዝናብ ሲበላው የኖረ ነው። ግራዝማች አድሳለሁ ካሉ ሦስት ዓመታቸው።" አፋቸውን ወደ ግድግዳው ስንጥቅ አስጠግተው፣ ጓሮ እንጨት የሚፈልጡትን ጎረቤታቸውን ጠሩ። "ኦቦ ገመቹ፣ ኮቱ! መጥረቢያውን ይዘው ይምጡ።" ጓዳ ለነበረች አንዲት ሴት ደግሞ "ለልጃገረዶቹ ንገሪያቸው፤ ሙሽራውን በር ላይ ያቆዩት። እኔ እስክል እንዳያስገቡ" አሉ።

ልጃገረዶቹ በሩን ዘግተው ዘፈኑን አቀለጡት። አርሲ ውስጥ እንደዚያ ቀን በር ላይ የቆመ ሙሽራ የለም፤ ሚዜዎቹ እዚያው ሊያረጁ ምንም አልቀራቸው። በከበሮው ድምፅ ሥር ኦቦ ገመቹ መጥረቢያቸውን አነሱ። በአራተኛው ምት ጭቃው ወረደ፤ በስምንተኛው ማገሩ ተነሳ። የጥር ፀሐይ ጓዳው ውስጥ ገባች።

"አሁንስ ያስኬድሃል?" አሉኝ ኦቦ ገመቹ፣ አቧራቸውን እያራገፉ።

በቀዳዳው ወጥቼ፣ ጎመኑን እየረገጥኩ እስከ ገብሱ ክምር ሄድኩ። አሥር እርምጃ። ሁለቱ ሴቶች ባዶ እግራቸውን ጎን ለጎን ቆመዋል። አንድ ጊዜ አነሳሁ። ፊልሙም አለቀ።

ሙሽራው ሲገባ የጭላሎ ነፋስም በጓዳ በኩል አብሮ ገባ። ግራዝማች ጋቢያቸውን ሰብስበው "ይህ ብርድ ከየት መጣ?" እያሉ ጓዳ ገቡ። ግድግዳ የለም። ባለቤታቸው፣ ጎረቤታቸው፣ ከዚያ ማዶ የጎመኑ ማሳ፣ ከማሳው ማዶ ደግሞ እኔ።

"ማነው ያፈረሰው?"

"የፎቶው ነገር ነው" አሉ እትዬ አስካለ።

ግራዝማች እንግዶቻቸውን አዩ፣ ቀዳዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ከአንተ ጋር በኋላ እንገናኛለን።"

ጋሼ መኩሪያ ፊልሙን አጥበው ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሱ ተመለከቱ። "አንዳቸውም እግር የላቸውም" አሉ። "ከሠርግ ነው የመጣኸው ከጦር ሜዳ?" የግድግዳውን ነገር ስነግራቸው በጣታቸው መጥረጊያውን አሳዩኝ። ወደ ጠራጊነት ተመለስኩ ማለት ነው።

በሳምንቱ የገበያ ዕለት ግራዝማች ከነበትራቸው ፎቶ ቤት መጡ። እኔ ጨለማ ክፍል ገብቼ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ጋሼ መኩሪያ የእናትና የልጇን ፎቶ አወጡላቸው። በጣም የጠራ ፎቶ ነው። ቁመታቸው እኩል፣ ትከሻ ለትከሻ።

ግራዝማች አስጠግተው አዩት። አርቀው አዩት። ከዚያ ከታች በኩል ጣታቸውን አሳርፈው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"አስካለ ተረከዟን አንስታለች! ይህችን ሴት ተመልከቱልኝ፤ በጣቷ ነው የቆመችው።"

እውነታቸውን ነው። ጉርድ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

"ያ ልጅ የታለ?" አሉ። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ፤ መጥረጊያው በእጄ ነው። "ሁለት አድርገህ አጥበህ ስጠኝ። አንዱን ሲሬ እልካለሁ፤ ልጅቷ ትየው።" ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉ። "እዚያ የፈረሰው ግድግዳ ላይ መስኮት አስገባሁበት። ለካ ጓዳው ጨለማ ኖሯል።"

ጋሼ መኩሪያ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰዱ።

ከዚያ በኋላ ያነሳሁትን ሠርግ ልቁጠር ብል ጣት አይበቃኝም፤ ጭላሎ ላይ ያሉትን ዛፎች መዋስ ሊኖርብኝ ነው። ዛሬም ሙያውን ለሚጀምር ሰው የምነግረው አንድ ነገር ነው። ከሠርጉ በፊት ሄደህ ጓዳውን በእርምጃ ለካ፤ ሌንሱን ከዚያ በኋላ ምረጥ።