ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ

የሙዚቃ አዳራሹ ሰዎች እውነተኛ ስሟን ከረሱት ቆይተዋል፤ እትዬ መርፌ ነው የሚሏት። ከመድረኩ ኋላ፣ ከደረጃው ስር ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ካውያ፣ አንድ የስፌት መኪናና እግሩ የሚወላገድ በርጩማ አላት። ደሞዝ የላትም። "በጎ ፈቃደኛችን" ሲሏት ትስቃለች።

"ፈቃዴን መች ጠየቃችሁኝ? ራሴ ነኝ ዘው ያልኩት" ትላለች።

እውነቷን ነው። ባሏ የሞተ ሰሞን ቤቷ ኦና ሆኖ፣ ግድግዳው ሲያፈጥባት በሚውልበት ጊዜ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው አዳራሽ የሚመጣው ከበሮ ጭራሽ ሰላም ነሳት። ልትቆጣ ሄደች። በሩ ላይ አንድ ጥሩምባ ነፊ የሱሪውን ጫፍ በስቴፕለር አያይዞ ቆሞ አገኘች። ዕድሜ ልኳን የደንብ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ይህን አይታ ማለፍ ከየት ይምጣላት!

"ና እዚህ ቁም! እናት የለህም እንዴ?" አለችው። ተንበርክካ ሰፋችለት። ልትቆጣ እንደመጣች ትዝ ያላት ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ነው። በማግስቱ ግን መቀስና ክር ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የኦርኬስትራው ጥቁር ልብስ ሁሉ በእጇ ነው የሚያልፈው። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው በግራው መሣሪያውን ይደግፋል፤ ቀኝ እጁ ደጋኑን ይዞ ሲወጣ ሲወርድ ያመሻል። ኮቱ ቀኝ ብብቱ ላይ ከጠበበ ክንዱ ታሰረ ማለት ነው። ስለዚህ እትዬ መርፌ ስፌቱን ፈትታ፣ ከብብቱ ስር ምላስ የምታክል ትርፍ ጨርቅ ታስገባበታለች። ጨርቋ ከውጭ አትታይም። "እኛ ከኋላ ያለነውም እንደዚህች ነን" ትላለች፣ "ክንድ ካልተነሳ ማንም አያስታውሰንም።"

አሁን ግን ዓይኗ ከድቷታል። ሐኪሙ የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም እንደማይሰነብት ነግሯታል። ነጭ ጨርቅ ቢሆን እየዳበሰችም ትወጣው ነበር፤ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ግን ለሷ ገደል ነው። ለማንም አልተነፈሰችም። ካወቁ "ይረፉ" ይሏታል። ማረፍ ማለት ደግሞ ከዚያ ግድግዳ ጋር ተፋጥጦ መዋል ነው፤ ግድግዳውም የሚታያት ከሆነ።

የሚያውቀው ወንበሬ ብቻ ነው። ወንበሬ ከጭነት ሥራ ጡረታ የወጣ፣ ወንበርና የኖታ ማስቀመጫ በነፃ የሚደረድር ሽማግሌ ነው። በየጠዋቱ በመርፌዎቿ ክር እያስገባ ደረቷ ላይ፣ ሹራቧ ላይ ይሰካላታል።

"አንቺ ሴትዮ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንዋሸው?"

"አንተ ዝም በል። ዓይንህን እንጂ አፍህን አልተዋስኩህም።"

"ዓይኔስ ቢሆን ምን አለው? ትናንት ትልቁን ከበሮ ሰው መስሎኝ ደህና ዋልክ ብዬዋለሁ።"

ሳቀች። 

የምስጋናው ቀን ደረሰ። የኦርኬስትራው መሪ በኮንሰርቱ መጨረሻ፣ ከመጋረጃ ጀርባ የሚያገለግሉትን ሁሉ መድረክ ላይ አውጥቶ ሊያመሰግን ተሰናድቷል። በዚያው ዕለት ጠዋት ዋናዋ ቫዮሊን ተጫዋች አዲስ ኮት ይዛ ከተፍ አለች።

"እትዬ መርፌ፣ ብብቱን እንደ ልማድዎ ያስፉልኝ። ዛሬ ብቻዬን የምጫወተው አለ።"

"አምጪው የኔ ልጅ።"

ኮት ሲገለበጥ ቀኙና ግራው ይምታታል። ስለዚህ ሳትገለብጠው በፊት ቀኝ እጅጌው ላይ ነጭ ክር የማሰር ልማድ ነበራት። ዛሬም አሰረች። ገልብጣ ስትፈልጋት ግን ነጯ ክር የለችም፤ ጣቷም ልታገኛት አልቻለም። ወንበሬን ልትጠራ አፏን ከፈተች። ወንበር እየጎተተ ሲራገም ሰማችው። "ለዛሬስ እኔው እበቃለሁ" አለችና ልቧ የነገራትን እጅጌ ይዛ ፈታች፤ ጨርቋን አስገብታ ሰፋች።

ልጅቷ ኮቱን የለበሰችው መድረክ ላይ ልትወጣ ስትል ነው። "ትንሽ ያዝ አደረገኝ፤ አዲስ ስለሆነ ይሆናል" ብላ ሄደች።

እትዬ መርፌ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ አዳመጠች። ቫዮሊኑ ብቻውን ተነሳ። በየልምምዱ የሰማችው ዜማ ነው፤ የት እንደሚረዝም ታውቃለች። ግን መርዘም ባለበት ቦታ ድምፁ ተቆረጠ። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ተቆረጠ። ደጋኑ ጫፍ ሳይደርስ እየተመለሰ ነው። የገዛ ቀኝ ብብቷ ሲጨመደድ ተሰማት።

"ወንበሬ! ግራውን ነው የሰፋሁት!"

"ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።"

"እጇን አሰርኩት እኮ! ልጅቷን በሰው ፊት አሰርኳት!"

ያኔ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማች። ሌላ ማንም አልሰማው ይሆናል። ዜማው ወዲያው ረዘመ፤ እሷ ግን ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

ጭብጨባው አልቆ መሪው የኋላ ሰዎቹን ስም ሲጠራ "አልወጣም" አለች። ወንበሬ ክንዷን ይዞ አወጣት። መብራቱ ፊቷ ላይ ሲፈስ ያየችው ነጭ ነገር ብቻ ነው። አበባ የያዘ እጅ ደረሰባት፤ ስትቀበል ጣቷ የተተረተረውን ብብት ነካ።

"የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ የቀደድኩሽ። ዓይኔ ጠፍቷል።"

ልጅቷ ጆሮዋ ስር ሆና "ምንም አልሆንኩም፤ ጨርቁ ነው እላለሁ። ለማንም አልናገርም፤ ብቻ ይቆዩልን" አለች።

እትዬ መርፌ አበባውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ቀላል ነበር። አንገቷን ብትነቀንቅ ነገም በርጩማዋ ላይ ናት። መሪው ደግሞ "ገና ብዙ ዘመን ያለብሱናል!" እያለ ነው።

"ልብስ ሰፊ ፈልጉ" አለች። "ከእንግዲህ አይሆንልኝም።"

ጭብጨባው ዋጠው። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ያጨበጭብላታል፤ ልጅቷ ብቻ አንገቷን ደፋች። እትዬ መርፌ ጭብጨባው እስኪያልቅ አበባውን አቅፋ ጠበቀች። ያንኑ ቃል ሁለተኛ ማውጣት ከመጀመሪያው ይልቅ ከበዳት። ተናገረች። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ሰው ከወጣ በኋላ ወንበሬ መርፌዎቹን ከሹራቧ ላይ አንድ በአንድ ነቀለ።

"የት ላድርጋቸው?"

"ለሚመጣው ሰው። ክራቸውን እንዳታወጣው።"

መንገዱን አሻግሬ ላድርስሽ አላት፤ እምቢ አለች። ቤቷ እስክትደርስ እጇ ደረቷን ይዳብስ ነበር፤ ምንም የለበትም። ገብታ ስትቀመጥ ማዶ ወንበር ሲጎተት፣ ወንበሬም ሲራገም ይሰማታል። ግድግዳው ባለበት በኩል ፊቷን አዞረች። የት እንዳለ ግን አልታያትም።