ለእርጥበት መለኪያው የሄደ ጠጉር

በቀይ ሽብር ጊዜ ቡሬ ላይ የአየር ጠባይ ጣቢያ ሠራተኛ ነበርሁ። መለኪያዎቹ ያሉበትን ነጭ የእንጨት ሣጥን እየከፈትሁ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት እመዘግባለሁ። የእርጥበት መለኪያው የሚሠራው በሰው ጠጉር ነው ብል የሚያምነኝ አልነበረም። ጠጉር አየሩ ሲረጥብ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ ከጫፉ ጋር የተያያዘችው መርፌም ያንን ተከትላ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። የእኛው ጠጉር ከተበጠሰ ቆይቷል። ምትክ ላኩልን ብንል ሰሚ አጣን፤ ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት አገር ለጠጉር ማን ይጨነቃል።

ታናሽ ወንድሜ ተማሪ ነበር። አስረው ካቆዩት በኋላ ገድለው ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ጣሉት። ሬሳውን ማንሳት ተከለከልን፤ ለፀረ አብዮት ያለቀሰ እሱም ፀረ አብዮት ነውና ለቅሶም የለም ተባልን። እናቴ ድምፅዋን ዋጠች፤ ጥቁርም አልለበሰች። ግን በእኛ አገር ልጅ የሞተባት እናት ጠጉሯን ትላጫለች፤ ይኸን መተው አልሆነላትም። ተላጭታ በሻሽ ሸፍና ሰነበተች።

የቀበሌያችን ካድሬ ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እንደ መመሪያ የያዘ ሰው ነበር። ቤታችን መጥቶ ሻሿን አስፈታት። ለማን እንደ ተላጨች ሲጠይቃት ዝም አለች። ያ ዝምታ እንደሚያስገድላት ስለገባኝ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርሁ፤ ለመሥሪያ ቤቴ መለኪያ ጠጉር ጠፍቶ እናቴ የራሷን ሰጠች አልሁ።

"እንግዲያው አሳየኝ" አለ።

እናቴ የተላጨችውን ጠጉር በነጠላ ጫፍ ቋጥራ የልብስ ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። አውጥታ ሰጠችኝ። ጠጉር ቅቤ ካለበት ለመለኪያ አይሆንም፤ እሷ ግን ልጇ ከታሰረ ወዲህ ቅቤ አልተቀባችም። ጣቢያው ሄደን ጥቂቱን መዝዤ መለኪያው ላይ አሰርሁት። ካድሬው ጎንበስ ብሎ ተነፈሰበት፤ መርፌዋ ከፍ አለች። ደስ ብሎት ሳቀ። በዚያ ሳቁ ጠላሁት፤ ዛሬም እጠላዋለሁ።

በቀበሌው ስብሰባ ላይ እናቴን መድረክ አወጣት። ለሳይንስ ጠጉሯን የሰጠች አብዮታዊት እናት ናት ብሎ አስጨበጨበላት፤ አንድ ነገር እንድትናገርም አዘዛት።

"ጠጉሬስ ለሚገባው ነው የሄደ" አለች።

ሰሙን ካድሬው ወሰደ፤ ወርቁን አዳራሹ ሙሉ ሰው። ወንድሜን የማያውቅ አልነበረማ። ጭብጨባው አላቆም አለ፤ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ያለቅሱ ጀመር። እናቴም ልጇ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ካድሬው የደስታ እንባ መስሎት አብሮ አጨበጨበ። ለወንድሜ ሌላ ለቅሶ አልተቀመጥንም።