በቆርቆሮውና በግድግዳው መሀል

ያንን ክፍተት የደፈንኩት በገዛ እጄ ነው። ግንበኛ ቀጥሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማማርረው ሰው አላጣም ነበር። ግን ሲሚንቶውን ያቦካሁት እኔ፣ መሰላሉ ላይ የወጣሁትም እኔ ነኝ።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንች ከሚጀምርበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አክስቴ ስታርፍ የተወችልኝ የጭቃ ቤት አለ። ከዚያ በፊት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሰው ግቢ ኖሬያለሁ፤ ኮተቤ መምህርነት ስሠለጥን ከተከራየኋት ክፍል ጀምሮ ማለት ነው። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ ነውና ስለ አከራይ እኔ ልናገር። በቀን ከአንድ ጀሪካን ውሃ በላይ እንዳልቀዳ የምትጠብቀኝ ነበረች። እንግዳ ሲመጣብኝ በር ላይ ቆማ የምታስነጥስ ነበረች። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መብራቱን ከቆጣሪው የሚያጠፉብኝ ሽማግሌም ነበሩ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ በወጣ ቁጥር ስሜን አጥቼ ስመለስ፣ አንድ ቀን የራሴ ቤት ቢኖረኝ ለተከራዬ አንድም ክልክል አላወጣም ብዬ እምል ነበር። እናም የአክስቴ ቤት የእኔ ሲሆን ከጎኑ አንዲት ክፍል ቀጥዬ አከራየሁ። መሐላዬ የቆየው ሁለት ወር ነው።

ተከራዬ ቀን መሥሪያ ቤት የምትውል፣ ማታ የምትማር ቁጥብ ልጅ ነበረች። ገብታ ብዙም ሳትቆይ እናቷን ለዓይን ሕክምና ከቆላ አመጣቻቸው። እናትየው ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናቸው። ሞራው ዓይናቸውን ሸፍኖት የሰው ጥላ ብቻ ነው የሚያዩት። የእነሱን ክፍልና የእኔን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ልጅቷ ስትወጣ እናትየው በምርኩዛቸው ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ይመቱታል። እሄዳለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ስድስት ተኩል ነው፣ እማማ።»

«ገና ነው እንዴ? የናንተ አገር ሰዓት ደግሞ ዳገት ነው እንዴ የሚወጣው?»

መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ የሚጠራኝ ሰው ማግኘቴን ወድጄው ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ወደ እነሱ ክፍል የሚሄደው መብራት ከእኔ ቆጣሪ የተቀጠለ ቀጭን ሽቦ ነው። ልጅቷ በዚያ ላይ ስቶቭ ሰክታ ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ወርዷል። ዓይናቸው የማያይ እናት በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ እሳት መሀል ሆነው ታዩኝ። በዚያው ዕለት የመጀመሪያውን ክልክል አወጣሁ፤ ስቶቭ አይሰካም። ልጅቷ «እሺ፣ እትዬ» ብቻ አለች። በማግሥቱ የከሰል ምድጃ ገዝታ ገባች።

ሰኔ ሲጀምር ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እናትየውን አንዘፈዘፋቸው። ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበረ። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ በመሆኑ ነፋስ ሲገባ ይነፋል፣ ሲወጣ ይረግባል። እናትየው ድምፁን ጋደም ብለው ያዳምጡታል።

«ይሄ ቤትሽ እኮ ይተነፍሳል» ይሉኛል። «ትንፋሹ ግን ውርጭ ነው።»

እኔም አንድ ቅዳሜ መሰላል ተውሼ፣ አሸዋና ሲሚንቶ አቡክቼ፣ ዙሪያውን ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩት። የበሩንም ሥር በምንጣፍ ቁራጭ ዘጋሁት። አመሻሹ ላይ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ስቆም ኮርኒሱ ጸጥ ብሎ ነበር። እናትየው እጄን ይዘው ሳሙት። «ቤቴን እንዳሞቅሽልኝ ጎጆሽን ያሙቅልሽ፣ ልጄ» አሉኝ። አከራይ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ኮራሁ። የኮራሁበትን ቀን ዛሬም እጠላዋለሁ።

ከሰል እንደሚገድል የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የምናውቀው ግን እንዲህ ነው፤ የሚገድለው ያልቀላ ከሰል ነው፣ ጥቁሩ ጠፍቶ ፍም ከሆነ ምንም አያደርግም። እናቶቻችን ይህንኑ ነገሩን፣ እኛም ለሌላው እንናገራለን። ልጅቷ ይህን ሕግ አንድ ቀን ጥሳ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ደጅ ላይ ምድጃውን ታራግባለች፣ ጥቁር የቀረውን በጉጠት እያገላበጠች ታቀላለች፣ ከዚያ ለእናቷ ታስገባላቸዋለች። ይህ ዘዴ ለስንቱ ቤት የሠራው ከሰሉ ስለቀላ ሳይሆን ቤቱ ሁሉ ቀዳዳ ስለነበረ እንደሆነ ማናችንም አላሰብንም።

በሐምሌ መጀመሪያ እናትየው «ራሴን ፈለጠኝ» ማለት አበዙ። ያቅለሸልሻቸዋል፤ ሲነሱ ግድግዳ ይደገፋሉ። ልጅቷ ዓይናቸው ነው አለች። እኔ ደጋ አልስማማቸው ብሎ ነው አልኩ። አንዲት ጎረቤት ጠበል ይሞክሩ ብትለን እሁድ እሁድ ልጅቷ ደግፋ እንጦጦ ታወጣቸው ጀመር። ሲመለሱ ሌላ ሰው ናቸው፤ ራስ ምታት የለ፣ ማቅለሽለሽ የለ፣ ጨዋታቸው ይመጣል። ሰኞ ቀትር ላይ ሕመሙ ይመለሳል። ሦስታችንም ጠበሉን አመሰገንን። እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። የበራ ሻማ ላይ ብርጭቆ ደፍቼ፣ እሳቱ ሲሞት በየዓመቱ ለልጆች የማሳይ ሰው ነኝ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ስውል የግድግዳው ጥሪ ሰለቸኝ። ክብሪት፣ ጨው፣ ደግሞ ሰዓት። ለብዙ ዓመታት ያከራየች አንዲት ባልደረባዬ መከረችኝ፤ «ተከራይ እንደ ዘመድ አይያዝም። በጠሩሽ ቁጥር አትነሺ፣ ይለምዱታል» አለችኝ። ምክሯን ያዝኩ። ለመጀመሪያው ጥሪ አልነሳም፤ ለሁለተኛው ብቻ እሄዳለሁ።

ያን ሐሙስ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ልጅቷ ምድጃውን ይዛ ስትገባ በመስኮት አየኋት። ፍሙ ቀይ ነበር፣ አንድም ጥቁር የለበትም። በሩን ዘግታ ስትወጣ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ እማዬን አደራ።»

«ሂጂ፣ አይዞሽ» አልኳት።

ምሳ ሰዓት ገደማ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተመታ። የተቀደደ አንሶላ እየጣፍኩ ነበር። ሰዓት ሊጠይቁኝ ነው ብዬ መርፌዬን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተመታ፤ ሁለቴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ። ሁለተኛው ጥሪ ነበርና መነሳት ነበረብኝ። ይቺን ጫፍ ልጨርስ አልኩ። ሦስተኛ ጥሪ አልመጣም። ለመዱ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ አባራ፣ ፀሐይም ወጣ አለች። እናትየው ፀሐይ በወጣች ቁጥር ደጅ ወጥተው ይሞቃሉ። በሩ አልተከፈተም። ጠራኋቸው፤ በሩንም አንኳኳሁ። የበሩ ሥር ያንን የኔን ምንጣፍ ነክሶ ስለነበር በትከሻዬ ገፋሁት። ሙቀት ፊቴን መታኝ። ጭስ የለም፣ ሽታም የለም። እናትየው ከአልጋ ወርደው ግድግዳው ሥር ተጋድመዋል፤ ምርኩዛቸውን አልለቀቁትም። ፊታቸው ቀላ ብሎ ጤነኛ ይመስል ነበር። ጮኼ ጎረቤት ሰበሰብኩ፣ ተሸክመን ወደ ሕክምና ሮጥን። በሕይወት አልተመለሱም።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ልጅቷን ያያታል። «ምነው ሳይቀላ አስገባሽው?» አሏት አንዲት አሮጊት፣ ፊት ለፊት። እሷም አመነች። «ታክሲ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ነበር» ትላለች ደረቷን እየደቃች። «ሳላየው የቀረ ጥቁር ነበረበት፤ እናቴን እኔ ነኝ የገደልኳት።» እኔ ለእንግዶች እጅ አስታጥባለሁ። ቀና ብዬ የተደፈነውን ክፍተት አየሁ፤ ሻማውና ብርጭቆው ያኔ ነው ትዝ ያሉኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ግን ፈራሁ፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ፣ ደበቅሁም።

ልጅቷ ወደዚያች ክፍል መግባት አልቻለችምና ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች። አርባው በወጣ ማግሥት የቀረ ዕቃዋን ልትወስድ ስትመጣ መሰላሉ ላይ ነበርኩ። በመሮና በመዶሻ ሲሚንቶውን እየፈለፈልኩ ነው።

«እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

ወረድኩ። እጄ አቧራ በአቧራ ነበር። «ከሰሉ ቀልቶ ነበር» አልኳት። «በመስኮት አይቼዋለሁ፤ አንድም ጥቁር አልነበረበትም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ቤቱ አየር እንዳያገኝ የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ የተከፈቱትን ቀዳዳዎች አየች።

«አርባ ቀን ሙሉ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ወደ ክፍሉ ገባች። ስትወጣ የእናቷን ምርኩዝ ይዛለች። ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ የግድግዳዬ ኖራ ነጭ አድርጎት ነበር።

«ግን እትዬ፣ እማዬ አልተጣራችም? እርስዎ እኮ እዚሁ ነበሩ። ግድግዳውን አልመታችም?»

«ዝናብ ነበር» አልኳት።

እውነቴን ነው፤ ያን ቀን ዝናብ ነበር።