የዝናብ ልመና ተራ

አምና በእኛ አምባሰል ዝናቡ ሲጠፋ እኛ ክርስቲያኖቹ ምህላ ያዝን፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በዚያው ሳምንት ዱዓ አደረጉ። ዝናቡ መጣና ጤፋችንን ከነአፈሩ ጠራርጎ ወሰደው።

በኋላ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ውጫሌ ለአየር ንብረት ለውጥ ሥልጠና ተጠራን። ባለሙያው «የጎርፍ ማቆሪያ ጉድጓድ ቆፍሩ» ቢለን ማን ሰምቶት! አባቴ ብድግ ብሎ «ጉዱ የመጣው ሁለታችንም ባንዴ ስለጮህን ነው፤ ከእንግዲህ በየተራ እንለምን» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ዘንድሮ ተራው የሙስሊሞቹ ነበር። ሐምሌ ተጋመሰ፣ ጠብታ የለም። እኛም ተራችን አይደለምና አፋችንን ዘግተን ተቀመጥን።

አንድ ጠዋት ሙስሊሙ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ አባቴን «ወላሂ ክፉዎች ናችሁ! ምናለ ብታግዙን?» አለው።

«ጎርፍ ቢመጣስ?» አለ አባቴ።

«አንተ ምህላህን ያዝ፤ ጉድጓዱን እኔ እቆፍራለሁ!»