ካሣዬና የአሰላ ለቅሶ

ካሣዬ አሰላ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሥራው ደብዳቤ መገልበጥ ነው፤ የታወቀው ግን በምላሱ ነው። ከአዲስ አበባ የቴያትር ቡድን መጥቶ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ባሳየ ቁጥር፣ በማግስቱ ሰው ሁሉ «ካሣዬ ምን አለ?» ይላል። አንድ ጊዜ «ጀግናው ደህና አድርጎ ሞተ፤ ከሞተ በኋላ ግን ሁለት ጊዜ እግሩን አከከ» ብሎ ለጋዜጣ ጻፈ። ጋዜጣው አወጣለት። ሌላም ጻፈ፣ ያም ወጣ። በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ሲጀመር፣ ጽሑፎቹን ያነበበ አንድ ሹም አስጠራው። በየሐሙሱ ማታ አሥር ደቂቃ ተሰጠው፤ ቁጭ ብሎ ቴያትር መተቸት ነው።

አሰላ ቴሌቪዥን የለም። ገብስ ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሾፌሩ ከዲሮ ግን ሐሙስ ሐሙስ ቡና ቤት ገብቶ ያያል፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ቆሞ ለአገሩ ሰው ያወራል። የካሣዬ እናት እማማ የሺሃረግም ከሰው ኋላ ቆመው ይሰማሉ። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ።

ሦስት ወር እንዳለፈ የሚተች ቴያትር አለቀ። ያን ቅዳሜ ከዲሮ ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ «ወላሂ፣ አሰላን አነሳት!» አለ። «የአሰላን ለቅሶ እንደ ቴያትር ተቸው! ‹አንዲት ረጅም አልቃሽ አለች፤ ሟቹን አታውቀውም፣ ደረት መምታቱን ግን ታውቅበታለች፤ ንፍሮ ሲሸታት ድምጿ ይወፍራል› አለ። ቡና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ!»

ገበያው ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ዝም አለ። አሰላ ውስጥ ረጅም አልቃሽ አንድ ናት፤ እትዬ እታገኘሁ። እዚያው ቆማለች። ዘንቢሏን አንስታ ሄደች።

እማማ የሺሃረግ ያን ሰሞን ደረታቸውን ያማቸው ነበር። ከዲሮን ለብቻው ጠርተው፣ «ልጄን ንገርልኝ። ሌላውን ሁሉ ያውራ፣ ለቅሶን ይተው። እኔም ሟች ነኝ፤ ማን ሊያለቅስልኝ ነው?» አሉት።

ካሣዬ መልእክቱን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ግን መንገድ ላይ ሰው የሚያውቀው ለቅሶውን ካነሳ ወዲህ ነው። «አንድ ሐሙስ ብቻ» አለ። «ከዚያ ይተወዋል በላት።» በዚያ ሐሙስ እታገኘሁ እንዴት ደረቷን እንደምትመታ ተነስቶ አሳየ። ከዲሮ ያንን ገበያ ላይ አላወራም። ሌሎች ሾፌሮች አወሩት።

በሚያዝያ ስልክ ተደወለለት። እናቱ አርፈዋል። በከዲሮ መኪና መጣ። ቀብሩ እሱን ሲጠብቅ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

ሰው አይመጣም ብሎ ፈርቶ ነበር። ግቢው ሞልቷል። ወትሮ ልጅ ከመንገድ ሲደርስ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል። ካሣዬ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ማንም ድምፁን አላሰማም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩታል። አንድ ሰው አሳለ።

«እማዬ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ለራሱም የሐሙስ ማታ ድምፅ መሰለው። አቋርጦ ወደ ውስጥ ገባ።

እታገኘሁ እግር ሥር ወደቀ።

«እትዬ፣ ስለ ማርያም! እሷ ምን በደለች?»

«ምንም። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ናት።»

«ታዲያ ያልቅሱላት።»

«ስንት ደቂቃ ላልቅስ? አሥር ይበቃል?»

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ሲል አፉን ያዘ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«አንተን እንጃ» አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «የሺሃረግን ግን ሳላለቅስላት አፈር አላለብሳትም። አንተ ውጣ። የምታየው የለም።»

ወጣ። አጥሩ ሥር፣ ከመኪናው ጎማ አጠገብ ተቀመጠ። መጀመሪያ የእታገኘሁ ድምፅ ብቻውን ተሰማ፤ ከዚያ ግቢው ሁሉ ተቀበላት። እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምቶ አያውቅም። ስለ እናቱ ምን እያለች ሙሾ እንደምታወርድ ግን ቃሉ አጥሩን አልፎ አልደረሰውም። ጆሮውን አስጠጋ፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣው።

በአራተኛው ቀን ከከዲሮ ጋር ተመለሰ። ከዲሮ ያን ዕለት ግቢው ውስጥ ነበር። ኢተያን ካለፉ በኋላ ካሣዬ አላስቻለውም።

«ምን አለች?»

ከዲሮ መሪውን ጨበጥ አደረገ።

«ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶታል» አለ። «ተወኝ፣ ልንዳ።»